ከጠረጴዛ ጂ29 ወደ እውነተኛ ሪግ፦ 1,500 ዶላሩ የቱ ላይ ይዋል?

ሦስተኛ ማርሽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሎጊቴክ ጂ29 የጨዋታ መሪዬን ከጠረጴዛ አውርጄ ደህና የውድድር ሲሙሌተር ቤት ውስጥ ልሠራ ነው። ያለኝ ዕቃ፦ ራይዘን 5 5600፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ12 ጊጋ፣ አንድ 27 ኢንች 1440ፒ ስክሪን፣ ሎጊቴክ ጂ29 ከነፔዳሉ፣ ባለጎማ የቢሮ ወንበር። የምነዳው በብዛት አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ የሚባለው ጨዋታ ላይ የጂቲ3 ውድድር መኪኖችን ነው፤ አልፎ አልፎ አይሬሲንግ።

ቦታው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ። ለሪጉ (ወንበር፣ መሪና ፔዳል አንድ ላይ ለሚታሰሩበት) 1.6 ሜትር በ1 ሜትር ጥግ አለ። በጀቱ 1,500 ዶላር ነው፤ ከሜሪላንድ የሚመጣ ሰው ባለ23 ኪሎ ሻንጣ አንዱን ይሰጠኛል፣ የቀረው እዚሁ ይገዛል።

አሁን ያለው ችግር፦ ፍሬን ስረግጥ ወንበሩ ወደኋላ ይሸሻል፣ ጠረጴዛው ይወዛወዛል። ሞንዛ (የጣሊያኑ የውድድር መንገድ) የመጀመሪያው ሺኬን፣ ማለትም ዚግዛግ ኩርባ ላይ አንዱን ዙር ቀድሜ እቆማለሁ፣ ቀጣዩን አልፌ አሸዋ ውስጥ እገባለሁ። ጥያቄዎቼ፦ መሪውን የሚያጠነክረው ሞተር 8 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል) ይበቃል ወይስ 12 ልግዛ? ሻንሲውን (የሪጉን የብረት አካል) ላስበይድ ወይስ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ይምጣ? ሦስት ስክሪን ያስፈልጋል? መብራቱስ እንዴት ይሆናል? እባካችሁ በቁጥር ንገሩኝ።

---

ቀጥ ያለ ፍሬን

ወንድሜ፣ ቀድመህ የጠየቅከው ስለ ሞተር ነው፤ የዘረዘርከው ችግር ግን አንዱም ከሞተር አይመጣም። ወንበሩ የሚሸሸው ጎማ ስላለው ነው፣ የፍሬን ነጥብህ የሚለዋወጠው ፔዳሉ የሚለካው የተሳሳተ ነገር ስለሆነ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ 12 ኒውተን ሜትር ብታስር የምትነዳው ጠረጴዛውን ነው። መጀመሪያ ፔዳልና ሻንሲ፣ ከዚያ ሞተር፣ ስክሪን መጨረሻ።

የጂ29 ፍሬን ፔዳሉ ምን ያህል እንደተጓዘ ነው የሚለካው። ከሥሩ ያለው ፖቴንሽዮሜትር የማዕዘን ለውጥን ይቆጥራል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ጎማ ማጠንከሪያ እንጂ መለኪያ አይደለም። እግራችን ደግሞ ርቀት ለማስታወስ ደካማ ነው፣ ግፊት ለማስታወስ ግን ጎበዝ። እውነተኛ የውድድር መኪና ላይም ፓዱ ዲስኩን ከያዘ በኋላ ፔዳሉ እምብዛም አይሄድም፤ ሹፌሩ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ኃይሉን ነው። ሎድ ሴል የሚለካው ይህንኑ ነው፦ ብረቱ በግፊት በጥቂቱ ይጎብጣል፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስትሬን ጌጅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለወጣል፣ ያ ለውጥ ተጎልብቶ ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል። እርስ በርሱ የሚፋተግ ክፍል ስለሌለው ንባቡ በአቧራ አይዘልም። የጂ29 ፖቴንሽዮሜትር ግን አቧራ ሲገባበት ሳትረግጥ ፍሬን ይሰጥሃል፤ ከዚህ በፊት አይተኸው ይሆናል።

በዚህ በጀት ውስጥ ትረስትማስተር ቲ-ኤልሲኤም አለ። ፍሬኑ እስከ 100 ኪሎ የሚለካ ሎድ ሴል ነው፣ ጥንካሬውን የሚለዋውጡ 6 ሞላዎች አብረውት ይመጣሉ፣ በራሱ ዩኤስቢ ስለሚሰካ ከየትኛውም ኩባንያ ሞተር ጋር ፒሲ ላይ ይሠራል። ከፍ ካልክ ሂውሲንክቬልድ ስፕሪንት አለ፣ ፍሬኑ 65 ኪሎ የሚቀበል፤ ግን ሌላውን በጀት ይበላብሃል። ፍሪሲዮን አያስፈልግህም፤ ጂቲ3 ላይ ፍሪሲዮን የሚነካው መነሻ ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም ጨዋታው ራሱ ይሠራዋል። ሁለት ፔዳል ብቻ ያለው ካገኘህ ልዩነቱን ለሻንሲው አውለው።

ሲደርስህ አስተካክሎ መጠቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሙሉ ጉልበትህ ረግጠህ ያንን 100 በመቶ አታድርገው፤ አሥረኛው ዙር ላይ እግርህ ይዝላል። ሻንሲው ላይ ተቀምጠህ፣ ስትነዳ የምታደርገውን ጫማ ወይም ካልሲ አድርገህ፣ 20 ጊዜ ተከታትለህ ብትረግጥ የማይደክምህን ግፊት ፈልግ። ለጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ኪሎ መካከል ይሆናል። እሱን 100 በመቶ አድርገው። ከታች 2 ወይም 3 በመቶ ባዶ ክፍተት ተው፣ እግርህ ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ፍሬን እንዳይነካ። ጨዋታው ውስጥ የፍሬን ጋማ (የረገጥከው ወደ ፍሬን የሚለወጥበት ኩርባ) 1.0 ይሁን፤ ጋማ የተፈጠረው የርቀት ፔዳልን ለማለሳለስ ነው፣ ሎድ ሴል ላይ ስሜቱን ያጣምመዋል። ኮምፒውተሩ ሲነሳም እግርህን አንሳ፤ አንዳንድ ፔዳል ዜሮውን የሚይዘው ኤሌክትሪክ ባገኘበት ቅጽበት ስለሆነ እግርህን እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ኒውተን ሜትር ለብቻው ስሜት አይሰጥም፣ ወደ እጅ ኃይል ለውጠው፦ ቁጥሩን ለመሪው ራዲየስ አካፍል። ጂ29 ወደ 2.1 ኒውተን ሜትር ነው፣ መሪው ጠርዝ ላይ 1.6 ኪሎ ያህል ይደርስሃል። 5.5 ኒውተን ሜትር በ30 ሴንቲ መሪ 3.7 ኪሎ፣ 8 ሲሆን 5.4 ኪሎ፣ 12 ሲሆን 8 ኪሎ። 8 ኪሎ እየጎተተህ 45 ደቂቃ መንዳት የስፖርት ቤት ሥራ ነው።

ታዲያ ትልቅ ሞተር የሚገዛው ለምንድን ነው ካልክ፣ ለጉልበቱ ሳይሆን ለትርፍ አቅሙ ነው። ትንሽ ሞተር ጫፉ ላይ ሲደርስ ከዚያ በላይ ያለው ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆረጣል። ፓራቦሊካ (የሞንዛ የመጨረሻው ኩርባ) ላይ መሪው ከብዶ ሳለ የፊት ጎማው መንሸራተት ሲጀምር መሪው ቀለል ማለት ነበረበት፤ ምልክቱ ከተቆረጠ ግን ያ ለውጥ አይሰማህም፣ የምታውቀው ከወጣህ በኋላ ነው። በመጀመሪያው አሴቶ ኮርሳ የፔዳል ማሳያ ላይ ያለው የመሪ ኃይል ዘንግ ወደ ቀይ ሲለወጥ እየተቆረጠ ነው ማለት ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ያለውን ጌይን (የኃይል መጠን) ቀንስና ሞተሩ ራሱ ላይ ያለውን ከፍ አድርግ።

የእኔ ፍርድ 8 ወይም 9 ነው። ፋናቴክ ሲኤስኤል ዲዲ 5 ነው፣ በ180 ዋት ኃይል አቅራቢው ወደ 8 ይወጣል። ሞዛ አር9 ስሙ እንደሚለው 9 ነው፤ አር12 ደግሞ 12። ከጂ29 ለሚመጣ ሰው ልዩነቱ በጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጂ29 ኃይሉን በጥርስ ስለሚያስተላልፍ መሃል ላይ የሚንቀጫቀጭ ክፍተት አለው፣ ዳይሬክት ድራይቭ ግን መሪው በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ ስለሚታሰር ጥርስም ቺንጋም የለውም። ወደፊት ኮንሶል ላይ አሰካዋለሁ ካልክ ብቻ አስቀድመህ አረጋግጥ። ፋናቴክ ላይ ፕሌይስቴሽንን የሚወስነው ሞተሩ ነው፣ ኤክስቦክስን ደግሞ መሪው። ለፒሲ ግን ለኮንሶል ፈቃድ ተጨማሪ አትክፈል።

አንድ ነገር በቁም ነገር፦ አውራ ጣትህን ከመሪው ክንፍ ውስጥ አውጣ። ግድግዳ ስትመታ 8 ኒውተን ሜትርም ጣት ያጣምማል።

---

ጋሽ በያጅ

ስለ ሻንሲው እኔ ልበል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል በሻንጣ ማስመጣት ሻንጣውን ሙሉ በሙሉ ለብረት መስጠት ነው። ቱቦላሬ እዚሁ አለ። 60 በ40 ግድግዳው 3 ሚሊ የሆነውን ግዛ፤ 2 ሚሊው ረከስ ይላል ግን ቡሎን ሲጠብቅበት ይጎደጉዳል። ሜትሩ ከ4 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ዘንጉ 6 ሜትር ነው።

መቁረጫው እንዲህ ነው። መሠረት 130 ሴንቲ 2። ማገናኛ 50 ሴንቲ 4። የመሪ ቋሚ 62 ሴንቲ 2። የመሪ አግዳሚ 50 ሴንቲ 1። ከቋሚው ወደ መሠረቱ የሚወርድ ሰያፍ 45 ሴንቲ 2። የፔዳል መደገፊያ 35 ሴንቲ 2። ጠቅላላው 8 ሜትር አይሞላም፣ ወደ 34 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ዘንግ ትገዛለህ፤ ከሁለተኛው ከግማሽ በላይ ይተርፋል፣ እሱ ለስክሪን ማቆሚያ ይሁንህ። ቱቦላሬውን ስታቆም 60ው ሽቅብ ይሁን፣ 40ው ጎን። ጥንካሬው በቁመቱ ነው፤ አጋድመህ ከበየድከው ፍሬን ስትረግጥ መሠረቱ እንደ ቀስት ይጎብጣል።

ሰያፉን «ለጌጥ ነው» ብሎ የሚተወው በያጅ አለ። እንዳይተውብህ። መሪው የሚጠመዘዘው ግራና ቀኝ ነው፣ ሁለት ቋሚ ብቻውን ጎን ለጎን ይወዛወዛል፤ ሞተሩ የሚልከው ረቂቅ ንዝረት እጅህ ሳይደርስ ብረቱ ውስጥ ይቀራል።

ብየዳው ራሱ ብረቱን ይስባል። አንዱን ጥግ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሻንሲውን አጣሞ ነው የሚያስረክብህ። መጀመሪያ ሁሉም መጋጠሚያ በነጥብ ይያዝ፣ ሁለቱ ሰያፍ ርቀቶች በሜትር ይለኩ፣ ልዩነታቸው ከ2 ሚሊ ካልበለጠ ይቀጥላል። ከዚያ 2 ወይም 3 ሴንቲ እየበየዱ በተቃራኒ ጥግ መዘዋወር። ኤሌክትሮዱ 2.5፣ አምፔሩ ከ70 እስከ 80 አካባቢ። 3 ሚሊ ግድግዳ ላይ ወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳል።

የሞተሩ ማሰሪያ ላሜራ 6 ሚሊ፣ የፔዳሉ 5 ሚሊ ሆኖ ከሥሩ በአንግል ብረት ይደገፍ። የፔዳሉ ላሜራ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ወደ አንተ ቀና ይበል። ቀዳዳዎቹ 8.5 ሚሊ፣ በ2.5 ሴንቲ ልዩነት በተርታ፣ ፔዳሉን ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ እንድትችል። ቡሎኑ 8 ሚሊ፣ ጥንካሬው 8.8 የተጻፈበት፣ ሮንዴላና ስፕሪንግ ሮንዴላ ከነዳዶው። ሞተሩ ሳይመጣ የላሜራውን ቀዳዳ አታስበሳ! ወረቀት ላይ ባየኸው ሥዕል ተማምነህ ካስበሳኸው ዳግም ትራፓኖ ያዥ ፍለጋ ነው። የሞተሩን ቡሎን ርዝመትም ከመመሪያው ተመልከት። የረዘመ ቡሎን እስኪጠብቅ ከገፋኸው ውስጡ ያለውን ይነካል፤ ከላሜራው ውፍረት በላይ ምን ያህል መግባት እንዳለበት ለክተህ የተረፈውን በግራይንደር ቁረጥ።

ወንበሩን ሶማሌ ተራ ፈልግ። የቪትዝ ወይም የኮሮላ የሹፌር ወንበር ከነተንሸራታች ሐዲዱ በቂ ነው። ሁለት ነገር አስተውል። የመደገፊያው ማጠፊያ ልቅ ከሆነ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ጀርባህ 1 ሴንቲ ይሄዳል፤ ያ 1 ሴንቲ የሎድ ሴሉን ጥቅም ያጠፋዋል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ተቀምጠህ በጀርባህ ግፋው። ሌላው፣ የወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ከተሰፋበት ተወው፣ ሌላ ፈልግ። ሶኬቱ ክፍት ነው ብለህ በቴስተር እንዳትነካካው፤ ቴስተሩ ራሱ ሊያፈነዳው ይችላል።

አቀማመጡ፦ ተረከዝህ ከሚያርፍበት እስከ ወንበሩ የፊት ጠርዝ ከፍታው ከ20 እስከ 28 ሴንቲ። ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ጉልበትህ አሁንም መታጠፍ አለበት። ጀርባህ ተደግፎ እጅህን ስትዘረጋ የእጅ አንጓህ መሪው አናት ላይ ካረፈ ርቀቱ ልክ ነው።

ከቀለም በፊት ፈትነው። አንድ ሰው በሙሉ እግሩ ይርገጥ፣ ሌላው ላሜራው ላይ ሜትር ይያዝ፤ ከ2 ሚሊ በላይ ከሄደ አንድ ማገናኛ ጨምር። 3ኛ ፎቅ ነህና ከሥሩ ጎማ ምንጣፍ አንጥፍ፣ ከታች ያለችው ጎረቤት እንዳትመጣብህ።

---

ስድስት ጎን ቁልፍ

ከጋሽ በያጅ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ቱቦላሬው አንዴ ከተበየደ ተበይዷል። ሞተር ስትቀይር፣ የእጅ ፍሬን ስትጨምር፣ ከጂቲ አቀማመጥ ወደ ፎርሙላ ስትሄድ ቁረጥ ቀጥል ነው። 40 በ80 ፕሮፋይል ቢሆን በ6 ቁጥር ስድስት ጎን ቁልፍ 4 ቡሎን ፈትተህ ታንሸራትተዋለህ። ቨርጂኒያም ይሁን ፍራንክፈርት ያላችሁ ለመበየድ አታስቡ፤ ለመሠረቱ 40 በ80፣ ለመሪው ቋሚ 40 በ80 ወይም 40 በ160፣ ባለ8 ሚሊ ቦይ፣ ኤም8 ቡሎን ከነቲ ዳዶው። ዳዶዎቹን ከሚያስፈልጋችሁ 20 ያህል አብልጣችሁ እዘዙ፤ አንዱን ረስታችሁ ጫፉን ዘግታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከጎን የሚገባ ዓይነት ካልሆነ ሁሉንም መፍታት ነው።

ለጠያቂው ግን፣ በአንድ ሻንጣ፣ ጋሽ በያጅ ልክ ናቸው።

---

ምድር መስመር

መብራቱን በተመለከተ። ከአሜሪካ የሚመጣው የሞተሩ ኃይል አቅራቢ ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ ትራንስፎርመር አያስፈልግም፤ የምትለውጠው ገመዱን ብቻ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከኮምፒውተር ጀርባ የሚሰካው ዓይነት ነው። 120 ብቻ የሚል ካየህ በቀጥታ እንዳትሰካው።

የኃይል ሂሳብህ፦ 3060ው 170 ዋት፣ ፕሮሰሰሩ 65፣ ሌላው የኮምፒውተር ክፍል ተደምሮ 300 አካባቢ። ስክሪን 40። የ8 ኒውተን ሜትር ሞተር ጫፉ ላይ 180። ድምሩ 520 ዋት ነው። 1000 ቪኤ ዩፒኤስ የሚባለው ብዙ ጊዜ 600 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ጠባብ ነው፣ ባትሪው ትንሽ ሲያረጅ ይዘጋብሃል። 1500 ቪኤ ውሰድ። ዩፒኤሱን ውድድር ለመጨረስ አትቁጠረው፤ በሰላም ለመዝጋት ነው። ከሻንጣም አታስገባው፣ ባትሪው እርሳስ ነው፣ እዚሁ ግዛ። ከፊቱ ስታቢላይዘር ይቅደም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ የሚለቀውን ዓይነት ምረጥ፣ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ የሚዘለው ቮልቴጅ ነው።

ሰዎች ለወራት የሚሰቃዩበት ሌላ ነገር አለ፦ ውድድር መሃል ፔዳሉ ወይም መሪው «ጠፋ»። ሁልጊዜ የተበላሸ ዕቃ አይደለም። ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ኃይል ሲያበራና ሲያጠፋ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ይፈጥራል፣ ብረቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ በዩኤስቢ ገመዱ ሽፋን በኩል መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሶኬትህ ምድር መስመር ስም ብቻ አለመሆኑን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሽ። ከዚያ ሻንሲውን ከኮምፒውተሩ ብረት ሳጥን ጋር በአንድ ሽቦ አገናኝ። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሽቦው በሚታሰርበት ከሮንዴላው ሥር ቀለሙን ፍቀህ ብረቱን አውጣ። የአሉሚኒየም ፕሮፋይልም ላዩ የተሸፈነ ስለሆነ እንደዚያው ነው። የዩኤስቢ ገመድ ከ3 ሜትር አይለፍ፣ ከሞተሩ የኃይል ገመድ ጋር አብረህ አትጠፍረው፣ ጫጫታውን የሚያፍን ፌራይት ቀለበት ጫፉ ላይ ጨምርበት። ዊንዶውስ ውስጥም ዩኤስቢን ለቁጠባ የሚያስተኛውን ምርጫ አጥፋው።

አይሬሲንግ ላይ ደግሞ ዋይፋይ ተው፣ ከራውተሩ ገመድ ሳብ። ብዙ ዳታ አይበላም፤ የሚጎዳው መቆራረጡ ነው።

---

ሦስተኛ ማርሽ (ጠያቂ)

ሁላችሁም ተባረኩ። ጋሽ በያጅ፣ መቁረጫውን እንዳለ ይዤ እሄዳለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። 9 ኒውተን ሜትር ላይ ወስኛለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ስክሪኑን ማንም አላነሳውም። ደግሞም ብሩ ቢያጥር የጂ29ን ፍሬን ራሴ ወደ ሎድ ሴል መለወጥ እችላለሁ? ኤሌክትሮኒክስ ትንሽ እሞክራለሁ።

---

ፒክስል ቆጣሪ

ሦስት ስክሪን ለጊዜው ተወው። ሦስት 1440ፒ ማለት 11 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ ፎርኬ (4K) ስክሪን እንኳ 8.3 ሚሊዮን ነው። 3060 ኮምፔቲዚዮኔ ላይ ከ20 መኪና ጋር ይህን አይሸከምም። ካርዱ ቢችል እንኳ ኮምፔቲዚዮኔ ሦስቱን ስክሪን በሦስት እይታ ሳይሆን በአንድ ሰፊ ሥዕል ነው የሚስለው፤ ጎንና ጎኑ ይለጠጣል። አይሬሲንግና የመጀመሪያው አሴቶ ኮርሳ ግን በትክክል ይሠሩታል።

በእጅህ ባለው ስክሪን ብዙ ማትረፍ ትችላለህ። የስክሪኑን ስፋት ግማሽ ለዓይንህ ርቀት አካፍል፣ የታንጀንት ግልባጩን ውሰድ፣ በሁለት አባዛ። ባለ27 ኢንች ስፋቱ 59.8 ሴንቲ ነው፤ ከ60 ሴንቲ ርቀት 53 ዲግሪ ይሆናል። አሴቶ ኮርሳዎቹ የሚጠይቁህ ግን የቁመቱን አንግል ነው፤ ቁመቱ 33.6 ሴንቲ ስለሆነ 31 ዲግሪ ታስገባለህ። መጀመሪያ በቱቦ ውስጥ የምታይ ይመስልሃል፣ ፍጥነቱም የቀነሰ። ሦስት አራት ቀን ታገሰው። ሰፊ እይታ ከርቀት ያለውን ሁሉ ያሳንሰዋል፤ የ100 ሜትር ምልክቱ ከእውነቱ ርቆ ይታይሃል፣ ስለዚህ ዘግይተህ ትቆማለህ። ሞንዛ ላይ ያልከው ችግር ግማሹ ፔዳል ቢሆን ግማሹ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ስክሪኑን ወደ ዓይንህ ለማቅረብ ከሞተሩ ጀርባ ወዲያው ይቁም፣ የታችኛው ጠርዝ ከሞተሩ አናት ጀምሮ። በተለየ ማቆሚያ ላይ ይሁን፣ ሻንሲው ላይ ከሰቀልከው መሪው ሲንቀጠቀጥ ሥዕሉም ይንቀጠቀጣል። ወደፊት ብር ሲገኝ 34 ኢንች 3440 በ1440 ውሰድ፤ 5 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ ካርድህ ቅንብሩን ዝቅ አድርጎ ይችለዋል፣ ከ60 ሴንቲ 67 ዲግሪ ይሰጥሃል።

---

ሽቦ ላጭ

ስለ ጂ29ው፦ ይቻላል፣ ግን ማጠፊያው ፕላስቲክ ስለሆነ በዚያው ሳጥን ውስጥ 40 ኪሎ አትጠብቅ። የፍሬን ፔዳሉን ብቻ ለብቻው ከብረት አሠራ፤ ጋሽ በያጅ ያሉት በያጅ ከተረፈው ቱቦላሬ ይሠራልሃል፣ ማጠፊያው ላይ ኩሽኔታ አስገባበት።

የሚያስፈልገው የኤስ ቅርጽ ያለው ባለ100 ወይም ባለ200 ኪሎ ሎድ ሴል፣ ኤችኤክስ711 ማጉያ ሰሌዳ፣ እና ኤቲሜጋ32ዩ4 ያለው አርዱይኖ ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ነው። ኡኖ አትግዛ፤ በቀጥታ ራሱን ለኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ ማስተዋወቅ አይችልም። የሎድ ሴሉ ቀይና ጥቁር ኃይል ናቸው፣ አረንጓዴና ነጩ ምልክት፤ ስትረግጥ ቁጥሩ ከወረደ አረንጓዴና ነጩን አቀያይራቸው።

ወጥመዱ እዚህ ነው። በርካሽ የሚሸጡት የኤችኤክስ711 ሰሌዳዎች ብዙዎቹ በሰከንድ 10 ጊዜ ብቻ እንዲለኩ ተደርገው ነው የሚመጡት። በ10 ንባብ ፍሬን የዘገየና የሚንቀጠቀጥ ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ሎድ ሴሉን ይወቅሳል። የቺፑ 15ኛ እግር ከመሬት ተነጥሎ ወደ ፖዘቲቭ ሲያያዝ 80 ጊዜ ይለካል፣ ያ በየ12.5 ሚሊ ሰከንዱ ነው፤ ለመንዳት ይበቃል። እግሩ ቀጭን ስለሆነ በቀጭን ብየዳ ብረት ቀስ ብለህ አንሳው። ከሎድ ሴሉና ከፔዳሉ መሃል ጠንካራ ጎማ አስገባ። ብረት ለብረት ካጋጠምከው ጫፉ ላይ ግፊትህን መመጠን ያቅትሃል።

ጊዜ እንጂ ብር ካላጠረህ ነው ይህን የምመክረው። ብር ካለህ «ቀጥ ያለ ፍሬን» የጠቆመህን ግዛ።

---

ቀጥ ያለ ፍሬን

ሽቦ ላጭ ልክ ነው፣ የ80ው ነገር በተለይ።

ስለ ሻንጣው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሚመጣው ሞተሩ፣ መሪውና ፔዳሉ ነው፤ የየራሳቸው ካርቶን ባዶ ቦታ ይበላልና አውጥታችሁ በልብስ ጠቅልሉ፣ ፎሙን ግን ሞተሩ ዘንግ ዙሪያ ተዉት። ገመድ የሌለው መሪ ከሆነ ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ሊኖር ይችላል፤ እሱ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት እዚያው ሜሪላንድ ሳለ ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ መሪው ሲዞር፣ ፔዳሉ ሲነበብ ይየው። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ተበላሽቶ ከተገኘ መመለሻ የለውም።

ሲደርስ መጀመሪያ ሞተሩን በ50 በመቶ ጀምረው። ላሜራው ላይ ያሉትን ቡሎኖች ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት መንዳት በኋላ በ13 ቁልፍ ድገምና አጥብቅ፤ አዲስ ቀለም ከሮንዴላው ሥር ይጨፈለቅና ይላላሉ።